በጥምቀት ዕለት ለእናታችን ለደረሳችሁልን ሁሉ፦ የምስጋና መልእክት

ከሁሉ አስቀድሞ እናታችንን ጠብቆ ለዚህ ቀን ያደረሰልን እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን። ቀጥሎም ባለፈው ጥር 11 ቀን ታቦታቱ ከፋሲል ባሕረ ጥምቀት ተነሥተው ወደየአድባራታቸው ከተመለሱ በኋላ፣ ወደ ፒያሳ በሚወጣው መንገድ ዳር እናቴና እኔ ችግር ላይ በወደቅን ጊዜ ማንነታችንን ሳትጠይቁ ለደረሳችሁልን ወገኖች ሁሉ በመላው ቤተሰባችን ስም ምስጋናዬን በአደባባይ አቀርባለሁ። በግርግሩ መካከል ስማችሁንም ስልካችሁንም መያዝ አልቻልኩም፤ ስለዚህ እያንዳንዳችሁን በዋላችሁልን ውለታ ለይቼ አመሰግናለሁ፤ አንብባችሁ ራሳችሁን እንደምታውቁት ተስፋ አደርጋለሁ።

እናቴ የ74 ዓመት አዛውንት ናቸው። ከበዓሉ ስድስት ቀን በፊት በቀኝ ዓይናቸው ላይ የሞራ ግርዶሽ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ነበር። ሐኪሙ ዓይናቸው ውኃ እንዳይነካው፣ እንዳይታሽም፣ ጠብታውም ሰዓቱን ጠብቆ እንዲደረግላቸው አጥብቆ አሳስቦናል፤ ቁስሉ ሳይሽር ያልነጻ ውኃ ከገባበት ዓይኑ አመርቅዞ ብርሃን እስከማሳጣት ሊደርስ እንደሚችልም ሳይደብቅ ነግሮናል። በዚህ ምክንያት እናቴ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያላስታጎሉትን የከተራ አዳር ዘንድሮ ቀሩ፤ ንጋት ላይ ውኃው ተባርኮ ሲረጭም አልተገኙም። ይህ ለአንዲት የጎንደር እናት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ላገሬ ሰው ማስረዳት አይጠበቅብኝም። «መረጨቱስ ይቅርብኝ፤ ታቦቱ ሲያልፍ ከሩቅ ልሳለም» ብለው ስለለመኑኝ፣ ዓይናቸውን በመከለያ ሸፍኜ፣ ጥላ አስይዤ፣ ከሕዝቡ ራቅ ብለን ከአንድ ዘመዳችን በረንዳ ላይ ሆነን ተሳለምን።

ችግሩ የገጠመን ወደ ቤት ስንመለስ ነው። ሰው እንዲቀልልን ብለን በገባንበት የውስጥ መንገድ ላይ ባልዲ፣ ጀሪካንና አፉ የተበሳ የሃይላንድ ጠርሙስ የያዙ ወጣቶች ግራና ቀኝ ቆመው አላፊ አግዳሚውን ይደፉበት ነበር። ውኃውን የሚቀዱት ከመንገዱ ዳር ካለው ቦይ ነው፤ በባልዲው ውስጥ የሸንኮራ ልጣጭ ሲንሳፈፍ በዓይኔ አይቻለሁ። የእናቴን የታሸገ ዓይን በጣቴ እያሳየሁ «እባካችሁ ልጆቼ፣ ከቀዶ ጥገና ነው የወጡት» ብዬ ለመንኳቸው። ከመካከላቸው አንዱ «ጸበል ነው እማማ፣ ይፈውስዎታል» አለና ባልዲውን ከፊት ለፊታቸው ደፋባቸው። እናቴ ጥላቸው ከእጃቸው ወድቆ፣ ነጠላቸው ከፊታቸው ላይ ተለጥፎ፣ ሁለት እጃቸውን በዓይናቸው ላይ ከድነው መንገዱ ላይ ተቀመጡ። ልጁ ምላሱን አውጥቶ ሲስቅ ጓደኛው በሞባይል ይቀርጸው ነበር። የበዓል ልብሳቸው ጭቃ የሆነባቸው ሌሎች መንገደኞችም ከኛ ቀድመው እያዘኑ አልፈዋል፤ ካሜራቸውን በሸሚዛቸው ሸፍነው ግድግዳ ተጠግተው የቆሙ ሁለት የውጭ አገር እንግዶችም ነበሩ። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ደስታችንን አብረን ገልጸን ነበርና፣ እንግዶቹ ያን ዕለት በኛ መንገድ ላይ ያዩትን ሳስብ እስካሁን አፍራለሁ።

ባጃጅህን በእናቴና በውኃው መካከል አግድመህ ያቆምክልን ወንድሜ፣ ምስጋናዬን ካንተ እጀምራለሁ። ሁለተኛው ባልዲ የተደፋው በባጃጅህ ሸራና ባንተ ትከሻ ላይ ነው። ከዚያም እስከ ሕክምናው ቦታ አድርሰኸን፣ ሂሳብ ልከፍልህ ብል «የናቴን አልቀበልም» ብለህ ሄድክ።

አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ጥለት ያለው ልብስ ለብሳችሁ ከታቦቱ ፊት ምንጣፍ ስታነጥፉ ያረፈዳችሁ ወጣቶች፣ የተጠቀለለውን ምንጣፍ በትከሻችሁ እንደተሸከማችሁ ጩኸቴን ሰምታችሁ ሮጣችሁ መጣችሁ። ሌሊቱን ሳትተኙ ያደራችሁ መሆናችሁ ከፊታችሁ ያስታውቅ ነበር። እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ እናቴን ከበባችኋቸው፤ ከናንተም አንዱ ምንጣፉን ዘርግቶ ከጭቃው ላይ አንሥቶ አስቀመጣቸው። ታቦት ያለፈበት ምንጣፍ ነውና እናቴ በመጀመሪያ አሻፈረኝ ብለው ነበር። ልጁ ግን «እርስዎን ያስቀመጠ እንደሆነ ይባረካል እንጂ አይረክስም» አላቸው። እናቴ ይህን ቃል ለጠየቃቸው ሁሉ ይነግራሉ።

ነጭ ጋቢ የለበሱት አዛውንት አባት፣ በትርዎን አንሥተው ሳይሆን ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ወጣቶቹን ስለገሠጹልን አመሰግንዎታለሁ። «ጸበል በግድ አይረጭም፤ የሚወስደው የጠየቀ ነው፤ ይህ የቦይ ውኃ ደግሞ ማን ባረከው?» ሲሉ ባልዲ ይዘው ከቆሙት አንዳንዶቹ ባልዲያቸውን መሬት አስቀመጡ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ውኃ መረጨትን የምቃወም ሰው አይደለሁም፤ በዚያው ባሕረ ጥምቀት ዳር ተረጭቼ ያደግሁ ነኝ፤ ወጣቶች ውኃው እንደተባረከ እየዘለሉ ሲገቡም በደስታ ነው የማያቸው። ጌታ በዮርዳኖስ በዮሐንስ እጅ መጠመቁን የምናስብበት ውኃ በጸሎት ተባርኮ የሚረጨው ለበረከት ፈልጎ በቀረበው ሰው ላይ ነው። በመንገዱ ለሚያልፍ ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ለታቀፈች እናት፣ የሌላ እምነት ተከታይ ለሆነ ጎረቤት ግን መንገዱን መልቀቅ የቆየ የአገራችን ጨዋነት ነው፤ እናቴም በልጅነታቸው ያዩት ይህንኑ እንደነበር ደጋግመው ነግረውኛል።

በበዓሉ ተረኛ ሆነሽ የዋልሽው ነርስ እኅቴ፣ እናቴ ዓይናቸውን እንዳያሹ እጃቸውን ይዘሽ እያባበልሽ፣ የራሰውን መከለያ አንሥተሽ ዙሪያውን በንጹሕ ፋሻ አድርቀሽ፣ ቀዶ ጥገናውን ላደረገላቸው ሐኪም ከራስሽ ስልክ ደወልሽለት። ሐኪሙም በበዓል ቀን ከቤቱ ወጥቶ መጥቶ አይቷቸዋል። የመከለያው ፕላስተር በአብዛኛው ይዞ ስለቆየ ወደ ዓይናቸው የገባው ውኃ ጥቂት ነበር፤ ለጥንቃቄ የጠብታው ዓይነትና መጠን ተቀይሮ ለሳምንት በየዕለቱ ተመርምረዋል። ያን ሳምንት እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። በስምንተኛው ቀን መከለያው ሲነሣላቸው ከግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰዓት አንብበው «ስድስት ሰዓት ከሩብ» ሲሉ እኔም ሐኪሙም ዝም ብለን ተያየን።

የደፋባቸውን ወጣት በተመለከተ፣ ስሙ እንዲወጣ፣ ፎቶው እንዲለጠፍ የጠየቃችሁኝ ብዙዎች ናችሁ፤ ተቆርቋሪነታችሁን አከብራለሁ፤ ነገር ግን አላደርገውም። በዓሉ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ከእናቱና ከንስሐ አባታቸው ጋር ቤታችን መጥቶ ከእናቴ ጉልበት ላይ ወድቋል። ያን ያህል ልጅ መሆኑን ያን ዕለት ልብ አላልኩም ነበር፤ ጢም እንኳ አላበቀለም። እናቴ «ተነሥ ልጄ» ካሉት በኋላ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተቀረጸው ቪዲዮ እንዲጠፋ። ከፊታችን ሆኖ አጠፋው፤ ለጓደኛውም ደውሎ አስጠፋ። ልጅዋን እጁን ይዛ ይዛው ለመጣችው እናት ልባዊ ምስጋና አለኝ። ደጃችንን ስታንኳኳ ምን ያህል እንደከበዳት ከዓይኗ አይቻለሁ።

በመጨረሻም፣ እናቴ በእርጥብ ልብስ ሲንቀጠቀጡ ከግቢሽ ወጥተሽ ጋቢሽን ከትከሻሽ ላይ አውርደሽ ያለበስሻቸው እኅቴ፣ በማግሥቱ ልመልስልሽ ብመጣ በርሽ ተዘግቶ አገኘሁት፤ ጎረቤቶችሽም ለበዓሉ ከገጠር የመጣሽ እንግዳ እንደነበርሽ ነገሩኝ። ጋቢሽ ታጥቦ፣ ታጥፎ፣ ከእናቴ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦልሻል። ያረፍሽባቸው ዘመዶችሽ ቤታችንን ያውቁታልና ጎንደር በመጣሽ ጊዜ ከነርሱ ጋር ብቅ በይ፤ እናቴ በዳኑት ዓይናቸው ፊትሽን ለማየት ይጓጓሉ፤ ቡናውንም ራሴ አፈላለሁ እያሉ ነው።