ልቤ የት ነበር?

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለፈው በስልክ «እማዬ፣ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ቆሜ እመለሳለሁ እንጂ ምንም አይሰማኝም» ስትይኝ ተቆጣሁሽ። «ስልክሽን እየነካካሽ ምን ሊሰማሽ!» አልኩሽ። ይቅር በይኝ። ከዘጋሁት በኋላ ሲከነክነኝ ያደረው የራሴ ነገር ነው።

እኔ ስልክ አልነካም። ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ፣ ጫማዬን አውልቄ ከቅዳሴ በፊት ከሚደርሰው የኪዳን ጸሎት ጀምሮ እቆማለሁ። ተሰጥኦውን፣ ሕዝቡ ለካህኑና ለዲያቆኑ የሚመልሰውን፣ ማንም አይቀድመኝም። እሑድ ግን ራሴን ታዘብኩ። ካህኑ «አልዕሉ አልባቢክሙ» አሉ፤ ልባችሁን ወደ ላይ አንሡ ማለት ነው። «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ» ብለን መለስን፤ ልባችን በአምላካችን ዘንድ ነው ማለታችን ነው። እኔ በአፌ ይህን እያልኩ በልቤ የዕቁቡን ብር እቆጥር ነበር።

የባሰው ደግሞ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ የሆነው ነው። ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ሲል እርስ በርስ እጅ እንነሳሳለን። በአጥሩ ነገር የተኳረፍናት ጎረቤታችን ከእኔ ሁለት ሰው አልፋ ቆማለች። በስተቀኝ እጅ ነሳሁ፣ ወደ ኋላም ዞሬ ነሳሁ። የእሷ ተራ ሲደርስ ነጠላዬን የማስተካክል መሰልኩ። ጥለቱን ጣቴ ላይ ጠቅልዬ ፊቷን እስክትመልስ ጠበቅኩ። መባህን ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ የሚለውን ወንጌል (ማቴዎስ 5፥23-24) ስንቴ ሰምቼዋለሁ! ሰላምታው እኮ ከ«አልዕሉ አልባቢክሙ» በፊት ነው የሚመጣው። ያኮረፈ ልብ ወዴት ይነሣል?

አንቺ ቢያንስ እውነቱን ተናገርሽ። ስሜት ደግሞ ሁልጊዜ አይመጣም። አባትሽ ባረፈ ጊዜ እኔም ዓመት ሙሉ እንደ ደረቅሁ ቆሜያለሁ። ያን መቆሜን እግዚአብሔር አልናቀብኝም ብዬ አምናለሁ።

ግዕዙ አልገባኝ ብሎ ከሆነ፣ ግዕዝና አማርኛው ጎን ለጎን የታተመ የቅዳሴ መጽሐፍ አለ። አኰቴተ ቁርባኑ፣ ቁርባኑ የሚቀደስበት ዋናው የቅዳሴ ጸሎት፣ 14 ዓይነት ነው፤ ሁሉንም አንዴ ልያዝ አትበይ። ለጊዜው ዲያቆኑን ብቻ ተከተዪ። «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ሲል የተቀመጣችሁ ተነሡ ማለቱ ነው። «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ» ሲል ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ ይልሻል። ያኔ ተመልከቺ። ሐሳብሽ ከሸሸም በሚቀጥለው ጥሪ መልሺው።

ማክሰኞ ማታ ጎረቤታችን ቤት ሄድኩ። ደንግጣ አየችኝና ቡና አቀረበች። አቦሉ ላይ ስለ አጥሩ ማንም አላነሳም። ቶናው ላይ እሷው አነሳችው። በረካውን እያለቀስን ጠጣነው። የፊታችን እሑድ ለኪዳን አብረን እንወጣለን፤ በር ላይ እጠብቅሻለሁ ብላኛለች።

እናትሽ