ስለ ተቆለፈው ቤተ ሙከራ ለጻፍክልኝ፣ የዘገየ መልስ

ጎንደር፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህና ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ከመጨረሻው ደብዳቤህ ወዲህ ሦስት ዓመት ማለፉን ሳስብ አፍራለሁ። ኢንተርኔት ተቋርጦ የከረመባቸውን ወራት ሰበብ ማድረግ እችል ነበር፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። በዚያ ደብዳቤህ «ቤተ ሙከራው ተቆልፎ፣ ቁልፉም በማን እጅ እንዳለ ሳይታወቅ፣ ለ60 ተማሪ ስለ ኤሌክትሪክ በጠመኔ ብቻ እንዴት ይነገራል?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። የእኛም ቤተ ሙከራ ከዚያ የተሻለ ስላልነበረ የምመልሰው አጣሁ፤ ዛሬ ነገ ስልም ዝምታው ረዘመ። አሁን ብዕር ያነሣሁት ግማሽ መልስ ስላገኘሁ ነው።

አንድ ወጣት ባልደረባዬ በፍላሽ አንድ ፋይል ሰጠኝ። «ፌት» የሚባለው ስብስብ አካል ነው፤ በአሜሪካ በኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ በ2002 እ.ኤ.አ. የተጀመረ፣ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የሒሳብ ሙከራዎችን በኮምፒውተር ስክሪን ላይ የሚያሠራ ነው። ጀማሪው ካርል ዊማን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ለእኛ ዓይነት ክፍል ማሰቡ አስገርሞኛል። እያንዳንዱን ሙከራ አንድ ጊዜ ካወረድከው በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል፤ ክፍያም የለውም።

እኔ የመረጥኩት ሽቦ፣ ባትሪና አምፖል እየጎተትክ የምታገጣጥምበትን ነው። በመጀመሪያው ቀን ገና ሽቦውን ሳልዘረጋ መብራት ሄደ፤ ፕሮጀክተሩ ሲጠፋ ልጆቹ እንደ ልማዳቸው አጨበጨቡ። በማግስቱ ፕሮጀክተሩን ትቼ ላፕቶፑን በራሱ ባትሪ እየሠራ ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ አሥር አሥር እየሆኑ እንዲከቡት አደረግሁ፤ ከፕሮጀክተሩም ይህ ተሻለ። ሁለት አምፖሎች በአንድ መሥመር አያይዤ ከማብራቴ በፊት የትኛው የበለጠ እንደሚደምቅ ጠየቅኋቸው። ሁሉም ማለት ይቻላል «ለባትሪው የቀረበው» አሉ። ምክንያታቸው ኮረንቲ ከባትሪ ወጥቶ በመጀመሪያው አምፖል ይበላል፣ ሁለተኛው ትራፊውን ያገኛል የሚል ነው። ሳበራው ሁለቱም እኩል በሩ። ኤሌክትሮኖቹ እንደ ትናንሽ ሰማያዊ ዶቃዎች በሽቦው ውስጥ ሲሄዱ ይታያሉ፤ ከአምፖሉ በፊትም ሆነ በኋላ ፍጥነታቸው አንድ ነው፤ አንዲትም አትጎድልም። ከኋላ የቆመች አንዲት ልጅ «ታዲያ መምህር፣ የሚያልቀው ምንድን ነው?» አለች። ወንድሜ፣ በአሥራ ሦስት ዓመት ማስተማሬ ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ተማሪ አልነበረም፤ እኔ ራሴ ስለ ጉልበትና ስለ ኮረንቲ ልዩነት ሳስተምር ቀመሩን ጽፌ አልፍ ነበርና። ያን ቀን ግን ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ድረስ ተከራከርንበት። በመጨረሻ አንዱ ሽቦውን ያለ አምፖል ከባትሪው ጫፍ እስከ ጫፍ ሲያገናኘው በስክሪኑ ላይ ባትሪው በእሳት ተያያዘ፤ ሣቁን ርእሰ መምህሩ ከቢሮው ሰምተው መጡ።

ግማሽ መልስ ያልኩህ ግን በከንቱ አይደለም። ስክሪኑ ላይ የሚነድ ባትሪ እጅ አያቃጥልም፤ ሽቦው ሁልጊዜ ይገጥማል፤ አምፖሉም የተበላሸ ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ በሳምንቱ ከቅዳሜ ገበያ የእጅ ባትሪ አምፖሎች፣ ሽቦና የሬዲዮ ድንጋይ ገዝቼ በእውነተኛው ዕቃ ደገምነው። ምን እንደሚጠብቁ አስቀድመው ስላወቁ፣ አምፖሉ እምቢ ሲል ስሕተቱን ራሳቸው ፈለጉ። ስክሪኑ ብቻውን ቢሆን ይህን ያህል ባልወደድኩት ነበር።

የአንተን ትምህርት ቤት ሳስብ ግን ይበልጥ የሚጠቅምህ «ኮሊብሪ» ይመስለኛል። ለርኒንግ ኢኳሊቲ የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ያዘጋጀው ሲሆን፣ የተሠራውም ኢንተርኔት ለሌለበት ቦታ ነው። ከተማ ወርደህ ደኅና ኢንተርኔት ባለበት ቦታ በነጻ የሚያስተምረውን የካን አካዳሚ ድረ ገጽ ቪዲዮዎችና መልመጃዎች፣ የፌትንም ሙከራዎች በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ትጭናለህ፤ ከዚያ ሌሎቹ ኮምፒውተሮችና ስልኮች ኢንተርኔት በሌለበት ዋይፋይ ከዚያ ላፕቶፕ ይቀበላሉ። ማን የትኛውን መልመጃ እንደሠራና የት እንደተሳሳተም ይመዘግብልሃል። የሚያደክመው የመጀመሪያው ማውረድ ነው፤ ቪዲዮውን ሁሉ ልውሰድ ካልክ የዳታ ጥቅልህ በአንድ ሌሊት ያልቃል፣ ስለዚህ የምታስተምረውን ምዕራፍ ብቻ ምረጥ።

ለተማሪ ስልክም ሆነ ኮምፒውተር በሌለበት ደግሞ «ፕሊከርስ» አለ። ለእያንዳንዱ ልጅ ቁጥር ያለው የወረቀት ካርድ ታትሞ ይሰጠዋል፤ ካርዱን ያዞረበት አቅጣጫ የምርጫው ፊደል ነው። አንተ የስልክህን ካሜራ በክፍሉ ላይ ታዞራለህ፣ ማን ምን እንደመለሰ ስልኩ ያነብልሃል። የካርዱ ትልቁ ጥቅል ለ63 ተማሪ የተዘጋጀ መሆኑ ለእኛ ክፍል የተለካ ያስመስለዋል። እኔ በፎቶ ኮፒ ቤት በአንድ ከሰዓት አሳተምኩት። ሲጠየቁ እጃቸውን የማያወጡት ልጆች ምን እንደሚያስቡ ያወቅሁት በዚህ ነው። ለጂኦሜትሪ ጂኦጀብራን፣ ዊኪፔዲያን አውርዶ ለማንበብ ኪዊክስን ሞክራቸው፤ ስለ እነርሱ ስትመጣ እንነጋገራለን።

«ነጻ» የሚለው ቃል ግን እንዳያታልልህ። አንዳንዱ ለጥቂት ሳምንታት ነጻ ሆኖ ይቆይና ተማሪዎችህ ከለመዱት በኋላ ዶላር ይጠይቃል፤ እኔም አንድ ጊዜ ያዘጋጀሁት የጥያቄ ስብስብ ሁሉ እንዲህ ተቆልፎብኛል። ያወረድከው በእጅህ የሚቀር መሆኑን አስቀድመህ አጣራ።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። የፌትን ሙከራዎች ፈቃደኛ ሰዎች ከ100 በላይ ወደሆኑ ቋንቋዎች ተርጉመዋቸዋል። የእኛ ተማሪዎች ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ቢማሩም ነገሩን የሚረዱት በአማርኛ መሆኑን ከእኔ የበለጠ ታውቃለህ። እኔ ለክፍሌ የስክሪኑን ቃላት መተርጎም ጀምሬ በአንዲቱ ላይ ቆሜያለሁ፦ ሬዚስታንስን፣ ማለትም ሽቦው ወይም አምፖሉ የኮረንቲን መንገድ የሚያከብድበትን፣ «ተቃውሞ» ብዬ ብጽፍ ልጆቹ ሰልፍ የወጡ መሰላቸው። ዩኒቨርሲቲ ሳለን ለቃል የነበረህን ጥንቃቄ አልረሳሁም።

መንገዱ ከፈቀደልህ ለጥምቀት ና። ሆቴሉ ሁሉ በእንግዳ ስለሚሞላ አልጋህ እኔ ዘንድ ነው። ባዶ ሃርድ ዲስክ ይዘህ ከመጣህ ኮሊብሪውን በአንድ ሌሊት እንገለብጥልሃለን፤ እስከዚያው ግን ለዚያች ቃል ምትክ ፈልግልኝ።

አክባሪህና ናፋቂህ ወንድምህ፣
ከአዘዞ