ለአባባ፣ ስለዚያች ዜሮ

ሊድስ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከብርዱና ከእርስዎ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የዐይንዎ ሞራ እስኪገፈፍ ድረስ ይህን የሚያነብልዎ ማሙሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ማሙሽ፣ አደራ፣ አንድም መስመር እንዳትዘል። ደብዳቤው ስላንተም ነው።

ባለፈው ቅዳሜ በስልክ፣ ማሙሽን ወደዚህ እንግሊዝ እልካለሁ ላለው ደላላ እንዲከፈል "የመንገድ ዳሩ ሱቅ ገዢ መጣለት" ሲሉኝ ዝም ያልኩት ኔትወርክ ተቋርጦ አይደለም። የምለው ጠፍቶኝ ነው። በስልክ ከሆነ ደግሞ እንደ ልማዴ እዋሻለሁ። ለዚህ ነው መጻፍ የመረጥኩት።

ልሰናበትዎ ደብረ ማርቆስ የመጣሁ ማታ ያንን ባለ አረንጓዴ ልባስ የሒሳብ ደብተር አወጡ። "የልጄ ጉዞ" ብለው ጻፉ። ትኬት ጻፉ፣ ሻንጣ ጻፉ፣ በርበሬና ሽሮውን ሳይቀር በኪሎ ጻፉ። ከዚያ መነጽርዎን ከፍ አድርገው "ለቪዛ ስንት ልበል?" አሉኝ። "ኩባንያው ችሎታል" አልኩ። ዜሮ ጻፉ። ዕድሜ ልኩን ሒሳብ ያስተማረ ሰው ነዎትና በማስመሪያ ከሥሩ ሁለት መስመር አሰመሩበት።

ያቺ ዜሮ ውሸት ናት፣ አባባ።

ኩባንያው የራሱን ድርሻ ከፈለ እንጂ የእኔን አልከፈለም። የማመልከቻው ክፍያ ለሦስት ዓመት ቪዛ 719 ፓውንድ ነበር። እሱ እንኳ ባልከፋ። ወገቤን የቆረጠኝ የሕክምና ክፍያ የሚሉት ነው፤ በዓመት 1,035 ፓውንድ። ልብ ይበሉ፣ ዓመት በመጣ ቁጥር የሚከፈል አይደለም። የሦስቱን ዓመት ባንድ ላይ፣ ገና አገሩን ሳይረግጡ ይቀበሉዎታል። 3,105። ጥቂት ወራት ቀደም ብዬ ቢሆን በዓመት 624 ነበር፤ ጥር 2016 ላይ ነው የጨመረው። ሁለቱ ሲደመር 3,824 ፓውንድ። (ማሙሽ፣ አባባ ደምረው እስኪያረጋግጡ ጠብቅ።)

እዚህ ከመጣሁ ሐኪም ዘንድ የሄድኩት ሁለት ጊዜ ነው። መድኃኒት ሲታዘዝልኝ 9 ፓውንድ ከ90 ለብቻው ከፈልኩ። ከደመወዜም እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ግብሩ ይቆረጣል። ታዲያ ያ 3,105 የምን ነበር ብዬ ሌሊት ሌሊት እናደዳለሁ። ንዴቱ ግን ምንም አልመለሰልኝም።

ወደ ብሩ ልምጣ። ጊዜው ሰኔ 2016 ነው። ባንክ ቤት ዶላሩን 57 ብር ገደማ ብሎ ለጥፏል፤ ሲጠይቁት ግን የለውም። ለንደን ያለች የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ በካርዷ ከፈለችልኝ። እኔ ብሩን አዲስ አበባ ለእናቷ ቆጥሬ አስረከብኩ፤ በጥቁር ገበያ ዋጋ ማለት ነው። በባንኩ ሰሌዳ 280 ሺህ ብር ገደማ የሚሆነው ሒሳብ ከ550 ሺህ በላይ ሆነ። ዕቁብተኞቼን ለምኜ ዕጣ ቀድሜ ወሰድኩ፣ አልበቃም። የጎደለውን ጓደኛዬ አበደረችኝ። ሐምሌ 22 ብር በገበያ ዋጋ ይሁን ሲባልና ዶላሩ ባንክ ውስጥም ከ100 ሲያልፍ፣ ሰሌዳው እውነቱን መናገር ጀመረ አልኩ።

ትንንሾቹን ልተዋቸው። ሳንባዬ ከቲቢ ነጻ ነው ለማስባል ራጅ ተነሣሁ። በእንግሊዝኛ ተምሬ፣ በእንግሊዝኛ ሠርቼ፣ እንግሊዝኛ ተፈተንኩ። 500 ፓውንድ ከጨመርሽ በአምስት የሥራ ቀን መልስ ታገኛለሽ የሚልም ነበር። እሱን እንኳ አልሞከርኩትም፤ ጥፍሬን እየበላሁ ጠበቅሁ።

ዕዳውን የጨረስኩት ባለፈው ወር ነው። አምና ለፋሲካ "ሥራ በዝቶብኝ ነው" ያልኩትም ውሸት ነበር። የትኬት ገንዘብ አልነበረኝም። ሙክቱን "ምናልባት ትመጣ ይሆናል" ብለው እስከ ግንቦት ልደታ እንዳቆዩት አክስቴ ነግራኛለች። ያን ቀን ቢሮ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ይህን ሁሉ ዛሬ የማወጣው እንዲያዝኑልኝ አይደለም። እውነተኛውን ዋጋ ብነግራችሁ ኖሮ፣ ደላላው 1.8 ሚሊዮን ብር ሲል የምታወዳድሩበት ነገር ይኖራችሁ ነበር። እሱን የነሳኋችሁ እኔ ነኝ።

ማሙሽ በቴሌግራም የላከልኝን የደላላውን የስፖንሰርሺፕ (የቀጣሪ ዋስትና) ወረቀት አየሁት። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ የእንግሊዝ ባንዲራም አለው። እውነተኛው ስፖንሰርሺፕ ግን ማኅተም የለውም። ቀጣሪው በኢንተርኔት የሚያወጣው ቁጥር ነው። የእኔ በኢሜይል ነው የደረሰኝ፤ አንድ መስመር ፊደልና ቁጥር፣ ሌላ ምንም። የሚከፍልበትም ቀጣሪው ነው። ያኔ 239 ፓውንድ ነበር፣ አሁን 525 ሆኗል። ከሠራተኛው መልሶ መቀበል አይፈቀድለትም። በዚያ ላይ ትልቅ ኩባንያ ለአንድ የውጭ ሠራተኛ በዓመት 1,000 ፓውንድ ለመንግሥት ያስገባል፤ ታኅሣሥ ላይ 1,320 ይሆናል። ይህን ሁሉ ከኪሱ የሚያወጣ ሰው፣ አይቶት ለማያውቀው ልጅ በደላላ እጅ ወረቀት የሚልክበት ምክንያት አይገባኝም። ፈቃድ ያላቸው ቀጣሪዎች ዝርዝር በነጻ ይታያል። የተጻፈውን ስም ፈለግሁት። የለም።

ሥራው ደግሞ "አረጋውያን መንከባከብ" ይላል። ለዚህ ሥራ ከውጭ አገር አዲስ ሰው መቅጠር ሐምሌ 15 ቀን 2017 ቀርቷል። ማሙሽ፣ ሰውየው የሚሸጥልህ ከአራት ወር በፊት የቀረ ነገር ነው። በመካኒክነትህ ልሂድ እንዳትልም፣ በዚያው ቀን ሕጉ ጠብቆ፣ ከጥቂት ሥራዎች በቀር የዲግሪ ደረጃ ያለው ሥራ ይጠይቃል። ደመወዙም በጥቅሉ ከ41,700 ፓውንድ ማነስ የለበትም። እኔ ስመጣ 38,700 ነበር።

እኔም ብሆን ገና አልጨረስኩም። ቪዛዬ ነሐሴ 2019 ያልቃል። ሲታደስ የማመልከቻውም የሕክምናውም ክፍያ እንደገና አለ። ቋሚ መኖሪያ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው፤ ማመልከቻው ብቻ 3,029 ፓውንድ ነው። አምስቱን አሥር እናድርገው የሚል ሐሳብም አለ። ስለዚህ ከአሁን ጀምሮ በየወሩ ለዚያ የማስቀምጠው ገንዘብ አለ። "ደመወዝሽ የት ይገባል?" ብለው ሲጠይቁኝ የምሸሸው ለዚህና ለዕዳው ነበር።

ሱቁን አይሽጡ፣ አባባ። ኪራዩ ከጡረታዎ ይበልጣል። ማሙሽ እጁ ጥሩ ነው፤ የሰፈሩ ባጃጅ ሁሉ እሱ ጋ ነው የሚቆመው። ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የሚጠግን ሰው ይፈለጋል። አዲስ አበባ ሥልጠናውን ይጠይቅ። ግማሹን እኔ እከፍላለሁ፣ ግማሹን ራሱ ይሥራበት። ሙሉውን ብከፍል እንደማይጨርሰው እሱም ያውቃል። (ይቺንም አንብባት፣ ማሙሽ።)

ደላላው ቅድሚያ አምጡ ካለ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁልኝ፤ ደረሰኝ ይቆርጣል?

የዐይንዎን ቀጠሮ ለሌላ ጊዜ እንዳያስተላልፉት። የሚያስፈልገውን እዚህ ወር ውስጥ እልካለሁ፤ በባንክ ነው የምልከው፣ አሁን ዋጋው እንደዚያን ጊዜ አይራራቅም።

ትኬት ቆርጫለሁ። ጸሎተ ሐሙስ ዕለት፣ ሚያዝያ 1፣ አዲስ አበባ እገባለሁ። ደብተሩን ከሣጥኑ አውጥተው ይጠብቁኝ። ዜሮዋን ሰርዤ በራሴ እጅ 3,824 ብዬ እጽፋለሁ። ማስመሪያውን እርስዎ ይያዙ። ሙክቱን ግን እኔ ሳልደርስ እንዳይገዙ።

ልጅዎ