ፍርፍር ቦርሳ ውስጥ አይገባም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ጋዜጣችሁን የማነበው ከኋላ ነው። መጀመሪያ ስፖርቱን፣ ቀጥሎ የምግብ አሠራሩን። ፖለቲካው ቡና ከተጠጣ በኋላ ይደርሳል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ምግብ አሠራሩ ዓምድ ነው። ቅሬታም ሐሳብም አለኝ።

ቅሬታዬ አጭር ነው። ዓምዱ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከገበያ ነው። ግማሽ ኪሎ የተፈጨ ሥጋ ግዙ፣ ሞዛሬላ ቺዝ ግዙ፣ ክሬም ግዙ ይላል። በዚህ ኑሮ! የእኔ ቤት ጠዋት የሚጀምረው ከትናንት ድስት ነው። የብዙው አንባቢም እንደዚያው ይመስለኛል። ማታ ተበልቶ ድስት ውስጥ ስለቀረው ሁለት ጭልፋ ወጥ ማንም አይጽፍልንም።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ ተረኛ ስትሆን ሆስፒታል ታድራለች። ስለዚህ የሁለቱ ልጆቻችን ቁርስ የእኔ ሥራ ነው። የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሲሆን የትምህርት ቤት ሰርቪሱ ከበራችን የሚነሣው ከጠዋቱ 12፡30 ላይ ነው። በዚያ ሰዓት የሰባት ዓመት ልጅ በልመናም አፉን አይከፍትም። የሚርበው መኪናው ውስጥ ነው። በከተማችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ተማሪዎች እዚያው ይመገባሉ፤ ደግ ሥራ ነው። የእኔዎቹ ግን ከቤት ይዘው ነው የሚሄዱት።

አሁን «ፍርፍር አለልህ አይደል?» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። ፍርፍርም ቢሆን ያደረ እንጀራና ያደረ ወጥ ነው። በተረፈ ምግብ ቁርስ መሥራት ለአበሻ ቤት አዲስ ነገር አይደለም። ነገር ግን ፍርፍር ሳህን ይፈልጋል፣ የእጅ ውሃ ይፈልጋል፣ ቁጭ ብሎ መብላት ይፈልጋል። ምሳ ዕቃ ውስጥ ሲገባ ዘይቱ ፈሶ ደብተር ያበላሻል። ልጁም በርበሬ በነካ እጁ ዓይኑን ያሻል። የድሮ ሰው ሩቅ መንገድ ሲወጣ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ጭኮ፣ ቆሎ ነበር የሚይዘው። ስንቅ ማለት ቀድሞ የተሰናዳ፣ በእጅ የሚያዝ፣ የማይፈስ ነው።

የእኛ ቤት ስንቅ በትናንት ወጥ የተሞላ ሳምቡሳ ነው።

የቂጣውን አሠራር ያሳዩን ድሬዳዋ ያደጉ ጎረቤታችን ናቸው። በረመዳን ለኢፍጣር በየቀኑ ሳምቡሳ ስለሚሠሩ ቂጣውን ቀድመው ደርድረው ያስቀምጣሉ። የስንዴ ዱቄት በጨው፣ በጥቂት ዘይትና ለብ ባለ ውሃ ጠንከር ተደርጎ ይታሻል። ግማሽ ሰዓት ያርፋል። ከዚያ ተድቦልቡሎ መዳፍ በሚያክል ስፋት ይዳመጣል። አንዱ ላይ ዘይት ይቀባል፣ ዱቄት ይነሰነሳል፣ ሌላው ይደረባል። አራት ያህል ከተደረበ በኋላ ሁሉም አንድ ላይ በስሱ ይዳመጣሉ። ደረቅ ምጣድ ላይ ከሁለቱም በኩል ለአፍታ ብቻ ይሞቃሉ፤ መልካቸው ሳይቀየር ይነሣሉ። ገና ትኩስ እያሉ አንድ በአንድ ይላቀቃሉ። ከቀዘቀዙ እንቢ ይላሉ። መሃል ለመሃል ተቆርጠው በላስቲክ ተጠቅልለው ፍሪጅ ይገባሉ። እሑድ ከሰዓት ይህን ከሠራሁ ሳምንቱን አልፈራውም።

ትልቁ ጣጣ የወጡ ፈሳሽ ነው። ምስር ወጥ እንዳለ ከገባ ሳምቡሳው ዘይት ውስጥ ይፈነዳል። ስለዚህ ወጡን ያለ ክዳን፣ በመካከለኛ እሳት፣ ዘይት ሳልጨምር አማስለዋለሁ። ማንኪያው የድስቱን ሥር ሲጠርግ ያለፈበት ቦታ ቶሎ ካልተሸፈነ ደርቋል ማለት ነው። አልደርቅም ካለ የተቀቀለ ድንች ወይም የደረቀ እንጀራ አድቅቄ እጨምርበታለሁ። ሽሮ ከሁሉም ይቀላል፤ ሲቀዘቅዝ ራሱ ይጠጥራል። ሽንኩርትና ቃሪያ ከተከተፈበት ትናንት የተበላው ነው ብሎ የሚያውቀው የለም። ጥቅል ጎመን አልጫም ደቀቅ ተደርጎ ይሆናል። የአበሻ ጎመን በእጅ ካልተጨመቀ አይሞከርም።

ስለ ዶሮ ወጥ ግን ዝም ማለት አልችልም። የበዓል ማግስት ሥጋውን ከአጥንቱ እፈለፍላለሁ። እንቁላሉን ደቀቅ አድርጌ እቆርጣለሁ። ከቁሌቱ እንዲያያዝ ያህል ብቻ ጨምሬ፣ አይብ ካለ ደግሞ ትንሽ ጣል አድርጌ እሞላለሁ። በቤታችን የፋሲካ ማግስት ሳምቡሳ ከእሑዱ ዶሮ በላይ ይጠበቃል። ይህችን መስመር አማቴ ባያነቧት ደስ ይለኛል፤ ዶሮውን የሚሠሩት እሳቸው ናቸው።

መሙያው ሙሉ በሙሉ ካልቀዘቀዘ አይሞላም፤ እንፋሎቱ ቂጣውን አርሶ ይቀደዋል። ጠርዙ የሚለጠፈው በውሃ በተበጠበጠ ዱቄት ነው።

ዘይት ውድ ነው ለሚል ሌላም መንገድ አለ። በእርሾ የተቦካ የዳቦ ሊጥ ውስጥ አንድ ማንኪያ የደረቀ ወጥ አስገብቶ መጠቅለል፣ ከዚያም ክዳን ባለው መጥበሻ በዝግታ ማብሰል ነው። ሳይገለበጥ አይተውም፤ ሁለቱም ወገን እሳት ማግኘት አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ሊጥ ቶሎ ይነሣል። በውጭ አገር አሠራር የተጻፈውን ሰዓት አምኖ የተቀመጠ ሰው ሊጡ ያመልጠዋል።

እዚህ ላይ የባለቤቴን ነገር ካላስገባሁ ቤት መግባት የለም። ብዙ ቤት ወጡ ምድጃው ላይ ያድርና ጠዋት ይሞቃል። «ከፈላ ምን ይሆናል?» እንላለን። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ምግቡ ላይ የሚተዉት መርዝ ግን በማፍላት አይጠፋም፤ ሩዝ በዚህ የታወቀ ነው። ስለዚህ የተረፈው ከእሳት ከወረደ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ መግባት አለበት። ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ሰፋ ባለ ዕቃ ዝርግ ተደርጎ ይቀመጥ፤ በሦስት ወይ በአራት ቀን ውስጥም ይሠራበት። ለዚሁ ብዬ ለ4 ሰዓት ዕረፍት ሙዝ ነው የማስይዛቸው፤ ሳምቡሳው ሰርቪሱ ውስጥ ማለቅ አለበት።

ፍሪዘር ያለው ሰው የተሞላውን ሳምቡሳ ጥሬውን ትሪ ላይ አራርቆ በረዶ እስኪሆን ፍሪዘር ውስጥ ያቆየዋል፣ ከዚያ ላስቲክ ውስጥ ይከታል። ሲፈለግ በረዶው ሳይሟሟ በቀጥታ ይጠበሳል፤ እሳቱ መካከለኛ ይሁን፤ ከበረታ ውጩ ሲቀላ ውስጡ በረዶ ይቀራል። እኔ ጠዋት ሻዩን ስጥድ እጀምራለሁ፣ ሻዩ ሲቀዳ አብሮ ይደርሳል። መብራት ሲጠፋስ? የሞላ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነ ደግሞ 24 ሰዓት ያህል ይይዛል ይባላል። የእኛው ከፍሪጅ ጋር የተያያዘች ትንሽ ሣጥን ስለሆነች በዚያ አላምናትም። መብራት ከቆየብኝ ሁሉንም ጠብሼ ለጎረቤት ጭምር አዳርሳለሁ። ደረጃው ላይ ያለ ልጅ ሁሉ መብራት መጥፋቱን ከጥብሱ ሽታ ያውቃል።

ሁለት ላስቲክ አለን። አንዱ ላይ «ጾም» ሌላው ላይ «ፍስክ» ብላ ትልቋ ልጄ ጽፋበታለች። ረቡዕና ዓርብ ጠዋት በእንቅልፍ ዓይን መለየት ቀላል አይደለም፤ ይህን የማያውቅ የምግብ ዓምድ ለእኛ አገር አይሆንም። ሁዳዴ 55 ቀን ስለሆነ የፍስኩ ላስቲክ ቅበላ ዕለት ባዶ ይሆናል። ቅበላ ላይ የቀረው ሁሉ ተጠብሶ ሲበላ ማየት ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ያደረ ወጥ ለልጅ ትሰጣለህ?» ብሎ ታዝቦኛል። እሱ ራሱ ቁርስ ቤት ገብቶ የድርቆሽ ፍርፍር ሲያዝ እንጀራው መቼ እንደተጋገረ ጠይቆ አያውቅም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ቀላል ነው። ዓምዱ በወር አንድ ጊዜ እንኳ ከተረፈ ምግብ ይጀምር። ልኩ በግራም ሳይሆን በብርጭቆና በማንኪያ ይጻፍ፤ ሚዛን ያለው ወጥ ቤት ስንት ነው? ከርእሱ ጎንም ጾም ወይም ፍስክ መሆኑ ይጻፍ።

የግሌም ጥያቄ አለችኝ። ቂጣውን በከፊል በጤፍ ዱቄት ልሠራው እየፈለግሁ ሲታጠፍ ይሰነጠቅብኛል። ጤፍ እንደ ስንዴ የሚለጠጥ ሊጥ እንደማይወጣው አውቃለሁ። ሆኖም ስንት እጅ ጤፍ ለስንት እጅ ስንዴ ቢሆን እንደሚታጠፍ በእጁ የሞከረ አንባቢ ካለ በዚሁ ገጽ ይጻፍልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለት ልጆች አባት፣ ከጀሞ