ለበቆሎ አምራች ደንበኞቻችን፦ አትራዚን በተከታታይ ለምን እንደማንሸጥ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

በዘንድሮው የዘር ወቅት ከወንጂ፣ ከሞጆና ከአዳማ ዙሪያ ቀበሌዎች መጥታችሁ የለመዳችሁትን የአረም መድኃኒት አትራዚንን ሳትገዙ የተመለሳችሁ ጥቂት አይደላችሁም። ለድካማችሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። «ዋጋው እስኪወደድ ደበቁት» የሚለው ወሬ ግን ከአባቴ በተረከብኩት መደብር ላይ ሲነገር መስማት ከብዶኛል። ዕቃው ከመደርደሪያችን አልጠፋም፤ ያልሸጥነው ባለፉት ዓመታት በተከታታይ አትራዚን ለተረጨባቸው ማሳዎች ብቻ ነው።

ምክንያቱ ያለው በአፈሩ ውስጥ ነው። አትራዚን በአፈር ውስጥ ለሳምንታት ቆይቶ፣ የሚበቅለው አረም በሥሩ ሲስበው ምግቡን እንዳያዘጋጅ የሚያደርግ መድኃኒት በመሆኑ፣ ጥቅሙ ሁሉ በመቆየቱ ላይ የተመሠረተ ነው። ይሁንና ናይትሮጅን ስላለበት አንዳንድ የአፈር ባክቴሪያዎች ይመገቡታል። ለማፍረስ የሚያስችሏቸው ጂኖች ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው ስለሚተላለፉ፣ ርጭቱ በየዓመቱ በተደጋገመ ቁጥር ተመጋቢዎቹ እየበዙ ይሄዳሉ። ባልለመደው አፈር ግማሹ ለመጥፋት ሁለት ወር ያህል ሊፈጅበት የሚችለው ይኸው ኬሚካል፣ በለመደው አፈር ከ10 ቀን ባነሰ ጊዜ ግማሹ ሊጠፋ እንደሚችል በአሜሪካ ማሳዎች ላይ ተለክቷል። በቆሎ ደግሞ ከአረም አብዝቶ መጠበቅ ያለበት በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ገደማ ነው።

ባለፈው ዓመት «መድኃኒታችሁ ውኃ የተቀላቀለበት ነው» ብላችሁ የወቀሳችሁን ታስታውሱ ይሆናል። ከአንድ ጀሪካን ተቀድቶ አዲስ በታረሰው መሬት ላይ አረሙን ይዞ፣ በቆየው የበቆሎ ማሳ ላይ ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አረሙ እንደገና ከወጣ፣ ጥፋቱን በጀሪካኑ ላይ ማሳበብ ፍትሕ አይመስለኝም። በእርግጥ ከርጭት በኋላ ዝናብ ሲጠፋም፣ አረሙ ራሱ መድኃኒቱን ሲለምድም ተመሳሳይ ነገር ሊታይ ስለሚችል ነው የማሳችሁን ታሪክ የምንጠይቀው። መጠኑን መጨመርም ብዙ አይፈይድም፤ ወጪው ያድጋል እንጂ ተመጋቢው አይቀንስም። እንደ ሲማዚን ያሉ የዚያው ቤተሰብ ኬሚካሎችም ለእነዚሁ ባክቴሪያዎች እንግዳ ስላልሆኑ፣ ስሙን ብቻ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። (የባክቴሪያዎቹ ሥራ ክፉ ብቻ አይደለም፤ ከበቆሎ በኋላ ቦሎቄ ለሚዘራ ሰው ቅሪቱ ቶሎ መጥፋቱ በጎ ነው።)

በምትኩ የምናቀርበው ከሌላ ቤተሰብ የሆነ፣ በተለይ የሣር ዓይነቶችን የሚይዝ ኤስ-ሜቶላክሎር ሲሆን፣ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች በኩትኳቶ ማገዝን ይጠይቃል። ዋጋው ከፍ ማለቱን አውቃለሁ፤ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ እኛም የምንገዛበት ዋጋ ንሯል። ለእኛ አትራፊው መንገድ ዝም ብሎ አትራዚን መሸጥ ነበር፤ እጃችን ላይ ካለው ዕቃ ሁሉ ፈጥኖ የሚሸጠው እርሱ ነውና። ይህን ትርፍ የተውነው አረሙ ሲያሸንፋችሁ ከሚደርሰው ጉዳት ጋር ተመዝኖ ቀላል ስለሆነብን ነው።

ልማዱ ወዲያው ባይለቅም ማሳው ከኬሚካሉ ሲያርፍ ቀስ በቀስ ይደክማል፤ ስለዚህ እገዳው ዘላለማዊ አይደለም። ቅር ብሏችሁ ከሌላ የገዛችሁም ብትሆኑ፣ ላለፉት ዓመታት የረጫችሁትን መድኃኒት ስም ወይም መለያ ወረቀቱን ይዛችሁ ብትመጡ፣ ለየትኛው ማሳ ምን እንደሚስማማ ያለክፍያ አብረን እናያለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የመደብሩ ባለቤት፣ አዳማ