የገራልታ ገደሎች የባሕር ወለል ነበሩን?

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ገራልታ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በቅርቡ ያወጣችሁት ጽሑፍ ስለ ቅርሱ መልካም ቢናገርም፣ ቀያዮቹ ገደሎች የጥንት ባሕር ወለል እንደነበሩ አድርጎ ማለፉ ብዙ ሰው የሚደግመውን ስሕተት ያጸናል።

አቡነ የማታ ጉሕን የመሰሉ ውቅሮች የተፈለፈሉበት ድንጋይ በሥነ ምድር ባለሙያዎች ዘንድ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ይባላል፤ ስያሜውም እ.ኤ.አ. በ1868 ከናፒየር ዘመቻ ጋር ከመጣው ከእንግሊዛዊው ዊሊያም ብላንፎርድ የተገኘ ነው። አሸዋን ግን ወንዝም፣ ነፋስም፣ ማዕበልም ያጠራቅመዋልና የድንጋዩ ዓይነት ብቻውን ስለ ጥንቱ ምድር ገጽታ የሚነግረን ጥቂት ነው። መታየት ያለበት አደራደሩ ነው። ገደሉን በጎን ለተመለከተ ሰው፣ አግድም በተነጠፉት ዋና ዋና ንብርብሮች መካከል ወደ አንድ ወገን ያዘነበሉ ስስ ንጣፎች ይታያሉ፤ እነዚህ ውሃ አሸዋውን እየገፋ በክምሩ ቁልቁል ሲያንሸራትተው የተፈጠሩ ስለሆኑ ያዘነበሉበት አቅጣጫ የፈሳሹን አቅጣጫ ያሳያል። ዝንባሌው በብዙ ቦታ ተለክቶ ሲመሳሰል፣ ከሥር ጠጠር የተኛበት የቦይ ቅርጽ ሲገኝ፣ አሸዋውም ወደ ላይ እየደቀቀ ሲሄድ፣ አብዛኛው ክፍል የወንዞች ሥራ ነው ለማለት ያስደፍራል። (ቀይነቱን የበረሃ ምስክር የሚያደርጉም አሉ፤ ሆኖም በአሸዋው ውስጥ ያለው ብረት ከተቀበረ ከረጅም ዘመን በኋላም ሊዝግ ይችላል።) ባሕሩ የገባው ቆይቶ ሲሆን፣ ማስረጃውም ከአሸዋ ድንጋዩ በላይ የተነጠፈው፣ የባሕር ዛጎል የሚገኝበት የእንጣሎ ኖራ ድንጋይ ነው።

ከሥር ያለው ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል። እ.ኤ.አ. በ1971 የሥነ ምድር ባለሙያዎቹ ዶው፣ ቤይት እና ጸጋዬ ኃይሉ በሰሜን ኢትዮጵያ የጥንት የበረዶ ግግር የተዋቸውን አለቶች ማግኘታቸውን አሳተሙ። ወንዝ የተሸከመውን በመጠን እየለየ ሲጥል፣ በረዶ ግን ጭቃውንም ጠጠሩንም ቋጥኙንም ደባልቆ ያራግፋል፤ የድንጋዮቹንም ፊት ይጭራል። ከአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ሥር በሚገኘው በእንጢጮ አሸዋ ድንጋይ የታችኛው ክፍል የሚታየው የበረዶ አሻራ ዕድሜው ከ440 ሚሊዮን ዓመት ያላነሰ ሲሆን፣ ያኔ አፍሪካ ለደቡብ ዋልታ ቅርብ ነበረች። የላይኛው ክፍሉ በእርግጥም ጥልቀት በሌለው ባሕር የተነጠፈ ስለሆነ፣ ጸሐፊው የተናገሩት ስለዚህኛው ቢሆን ኖሮ ባልተቃወምሁ ነበር።

ስለዚህ እርማት የምታወጡ ከሆነ «ባሕር» የሚለውን ቃል ጨርሶ ከመሰረዝ ይልቅ የትኛውን ንብርብር እንደሚመለከት እንዲገለጽ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሥነ ምድር መምህር