ለአቡሽ፣ ከነብራስካ ሜዳ

አቡሽዬ፣ እንዴት ነህ? እናትህስ? አያትህን ጉልበቷ ተሻላት?

እኔ ደህና ነኝ። ኪርኒ የምትባል ከተማ አጠገብ ትራኬን አቁሜ እያረፍኩ ነው። ባለፈው «አባዬ፣ እዚያ ካውቦይ አይተሃል?» ስትለኝ ስልኩ ተቋረጠ። አላየሁም። ከኦማሃ ጀምሮ ያየሁት በቆሎ፣ ከብት፣ ደግሞ በቆሎ ነው።

የምነዳበት ሀይዌይ 80 እዚህ ጋ የፕላትን ወንዝ ተከትሎ ይሄዳል። ከ1840ዎቹ ጀምሮ (በፈረንጆቹ ነው የምልህ) ወደ ኦሬገንና ካሊፎርኒያ የተሰደዱትም ይህንኑ ወንዝ ይዘው ነው ያለፉት። ፊልም ላይ ፈረስ ታያለህ እንጂ አብዛኞቹ በእግራቸው ነው የሄዱት። ጋሪውን የሚጎትተው በሬ ነው፤ ላዩ ላይ ዱቄትና ዕቃ ስለተጫነ ለሰው ቦታ የለውም። እስከ ኦሬገን 3,200 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አምስት ወር አካባቢ። እኔ ሦስት ቀን ነድቼ ወገቤን እላለሁ! ብዙ ሰው የፈጀውም ቀስት ሳይሆን ኮሌራ ነበር። ሜዳው ላይ ዛፍ ስለሌለ በምን ያበስሉ ነበር መሰለህ? በጎሽ ኩበት። ለአያትህ ንገራት፣ ትስቃለች።

በ1862 ፕሬዚዳንት ሊንከን አንድ ሕግ ፈረመ። 160 ኤከር መሬት፣ በአያቶችህ ልኬት ከአንድ ጋሻ ተኩል በላይ፣ በ18 ዶላር መመዝገቢያ። ቤት ሠርተህ አምስት ዓመት ካረስክ የራስህ ነው። ላጤ ሴትም፣ ዜጋ መሆን እፈልጋለሁ ብሎ ያመለከተ ስደተኛም ይችላል። ሳሩን ከነአፈሩ እንደ ጡብ እየቆረጡ ቤት ሠሩ። ሲዘንብ ጣሪያው ጭቃ ያንጠባጥባል። ብዙዎቹ አምስቱን ዓመት ሳይጨርሱ ጥለው ሄዱ። አልፈርድባቸውም። እኔም ዲቪ ደረሰኝ ብዬ ሻንጣዬን ያነሳሁ ሰው ነኝ።

ግን ያ መሬት ባለቤት ነበረው። ፊልሙ ላይ «ቀይ ሕንዶች» ከምንላቸው ውስጥ ፖንካ የሚባሉ ሕዝቦች አሉ። ከዚህ በስተሰሜን፣ በናዮብራራ ወንዝ ዳር በቆሎ እየዘሩ ይኖሩ ነበር። በ1868 መንግሥት ከሌላ ነገድ ጋር ሲዋዋል የእነሱን መሬት ለዚያኛው ፈርሞ ሰጠው። በስሕተት ነው ተባለ። ስሕተቱን ግን ማንም አላረመውም፤ በ1877 ወታደር መጥቶ ወደ ዛሬዋ ኦክላሆማ ነዳቸው። እዚያ ወባ ጨረሳቸው። ስታንዲንግ ቤር የሚባለው አለቃቸው ወንድ ልጁ ሞተበት። 16 ዓመቱ ነበር፣ ያንተ እኩያ። ሊሞት ሲል አባቱን የለመነው አንድ ነገር ነው፤ ናዮብራራ ዳር ቅበረኝ።

እዚህ አገር አንድ አበሻ ሲሞት አስከሬኑን አገሩ ለማድረስ ስንት እንደምንሯሯጥ ብታይ ይህ ይገባሃል።

አባትየው የልጁን አጥንት በሳጥን ይዞ፣ 30 ያህል ሰው አስከትሎ፣ በጥር 1879 በበረዶ ተነሣ። ሊደርሱ ሲሉ ወታደር ያዛቸው። እሱም መያዙን ተቃውሞ ከሰሰ፤ ጉዳዩ ኦማሃ ፍርድ ቤት ቀረበ። የመንግሥት ጠበቃ ምን ቢል ጥሩ ነው? ይህ ሰውዬ በሕግ ዓይን «ሰው» ስላልሆነ መክሰስ አይችልም! ስታንዲንግ ቤር ተነሥቶ እጁን ዘረጋ። የቆዳዬ ቀለም ከእናንተ ቢለይም ብወጋው ያመኛል፣ የሚፈሰውም ደም እንደ እናንተው ነው አለ። ዳኛ ኤልመር ደንዲ በግንቦት ወር ሰው ነው ብሎ ፈረደ። ስታንዲንግ ቤርም ልጁን ወስዶ እንደ ቃሉ ቀበረው።

ይህን ሳነብ ትራኩ ውስጥ ብቻዬን አለቀስኩ። ለእናትህ አትንገራት።

ነገ ሶልት ሌክ አራግፌ እመለሳለሁ። በሚመጣ ሰው ጫማ ልልክልህ ነው። እግርህ አሁን ስንት ቁጥር ደረሰ? መጨረሻ የነገርከኝ 40 ነበር።

አባትህ